ፈርስት ሪፎርምድ (ፊልም)

ፈርስት ሪፎርምድ፣ በጽኑ የካልቪን እምነት ተኮትኩቶ ያደገው አሜሪካዊው ፖል ሽሬደር ደርሶ ያዘጋጀው፣ በ2017 (እ.ኤ.አ.) በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ፣ ተስፋው የተሟጠጠበት ካህን ወደ ደም ማፍሰስ ሲያዘነብል የሚያሳይ መሪር ድራማ ነው።

ኢታን ሆክ የሚጫወተው ቄስ ቶለር፣ በእርሱ ግፊት የዘመተው ልጁ በኢራቅ ከሞተና ትዳሩም ከፈረሰ በኋላ፣ በኒው ዮርክ ግዛት፣ የተመሠረተችበትን 250ኛ ዓመት ለማክበር በምትሰናዳ፣ ምእመናኗ ግን በጣት በሚቆጠሩ ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል። የፍጥረትን መበከል አይቶ፣ ወደዚህ ዓለም ልጅ ማምጣት በደል ነው እያለ የተሟገተው ወጣት ሚካኤል ራሱን ሲገድል፣ ጥያቄው በካህኑ ኅሊና ተተክሎ ይቀራል፤ በመጨረሻም ቶለር፣ ወጣቱ ደብቆት የነበረውን ፈንጂ የታሰረበት ሰደርያ፣ ምድርን የሚበክል አንድ ባለጸጋ በሚታደምበት በዚሁ የምሥረታ በዓል ላይ ሊያፈነዳው ይቆርጣል።

ሥዕሉ ወደ አራት ማዕዘን የተጠጋ፣ ካሜራውም በአብዛኛው የማይንቀሳቀስ ነው፤ ቶለር ሌሊት የዕለት ማስታወሻውን እየጻፈ በውስኪው ላይ ሮዝ የሆድ መድኃኒት ሲያንቆረቁር፣ የፈሳሹ መናወጥ የነፍሱን ሕመም ከብዙ ንግግር ይልቅ ይገልጻል። ሽሬደር፣ እንዲሁ ወደ ግፍ የሚያመራ ሰው የሚታይበትን የ1976ቱን (እ.ኤ.አ.) ፊልም የታክሲ ድራይቨርን ድርሰትም የጻፈ ነው፤ ይኸኛው ግን ይበልጥ የሚያስፈራው፣ ወደ ግፍ የሚሄደው ሰው ጸሎትን የሚያውቅ በመሆኑ ነው። ድርሰቱ ለኦስካር ሽልማት ታጭቷል።