ግራቭል

«ግራቭል»ን ኮረኮንች ብሎ መተርጎም አይጥመኝም፤ ኮረኮንች ሹፌር የሚያማርረው፣ ጥርስ የሚያንገጫግጭ መንገድ ነው። ግራቭል ብስክሌት መሪው እንደ ኮርስ ብስክሌት የተቆለመመ፣ ጎማው ግን ሰፋ ያለ ሲሆን፣ የሚስማማው የተደለደለ ደቃቅ ጠጠር ነው። አሜሪካ ውስጥ ከፒትስበርግ እስከ ከምበርላንድ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀውን ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ የተባለውን መንገድ ለምሳሌ እንውሰድ። አብዛኛው የቀድሞ የባቡር መስመር ነው፤ ሐዲዱ ተነቅሎ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ተነጠፈበት። ባቡር ዳገት ስለማይወድ ተራራው በዋሻ፣ ሸለቆው በድልድይ ታልፏል፤ አቀበቱ ከ2 በመቶ አይዘልም። በኦሃዮፓይል ደን የያኪጌኒን ወንዝ ተከትለው ሲነዱ ከኋላ ክላክስ የሚያስጮህ የለም። ከከምበርላንድ የድሮው የቦይ ዳር መንገድ ተቀብሎ ዋሽንግተን፣ ጆርጅታውን ያደርሳል፤ ዲሲ ላሉ ወገኖቻችን ደጃቸው ነው። የቦይ ዳሩ መንገድ ግን አፈር ይበዛዋል፤ ዝናብ ከጣለ ጭቃው ጎማ ይይዛል።