የምስክር ደብዳቤው በማን ዘንድ? የዲግሪ እውቅና ታሪክ ከአለማያ እስከ ጅግጅጋ

አጵሎስ ከኤፌሶን ወደ አካይያ ሊሻገር ባሰበ ጊዜ፣ በዚያ ያሉት ደቀ መዛሙርት እንዲቀበሉት ወንድሞች ደብዳቤ ጽፈውለት ነበር (ሐዋ. 18፥27)። ደብዳቤው ዕውቀት አልጨመረለትም፤ በማያውቁት ሰዎች ዘንድ እንዲታመን ግን ረድቶታል። ለአንድ የዲግሪ ፕሮግራም የሚሰጠው እውቅናም ከዚህ የራቀ አይደለም። ስለዚህ በጅግጅጋ ወይም በቶጎ ውጫሌ የሚያገለግል መጋቢ፣ አንድ ወጣት “ይህ ዲግሪ እውቅና አለው ወይ?” ሲለው፣ አስቀድሞ “በማን ዘንድ?” ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

በምሥራቅ ኢትዮጵያ የዚህ ጥያቄ ታሪክ ከአለማያ ይነሣል። የእርሻ ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1952 ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመ በመሆኑ፣ ሥርዓተ ትምህርቱም አመኔታውም በአብዛኛው ከዚያ የመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ኮሌጁ የእርሱ አካል ሆነ። ከካራማራ ማዶ ያለችው ጅግጅጋ ግን የራሷን ዩኒቨርሲቲ ለማየት እስከ 2007 እ.ኤ.አ. መጠበቅ ነበረባት።

በዚህ መካከል የግል ኮሌጆች በዝተው ስለ ነበር፣ አዋጅ ቁጥር 351/1995 የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲን አቋቋመ። ኤጀንሲው በኋላ ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ተለውጧል። የግል ተቋም ፈቃድ የሚያገኘው መምህራኑ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ፣ ቤተ መጻሕፍቱና ቤተ ሙከራው ታይተው ነው። ፈቃዱም ለአንድ ካምፓስና ለአንድ ፕሮግራም የተወሰነ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የተገኘ ፈቃድ ጅግጅጋ ላይ ለሚከፈት ቅርንጫፍ አይሠራም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግን አዲስ ፕሮግራምን የፍላጎት ጥናት አድርጎና ሥርዓተ ትምህርቱን በውጭ ገምጋሚዎች አስመርምሮ በሴኔቱ ያጸድቅ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናው የመንግሥቱንም የግሉንም ተመራቂ በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጧል።

የነገረ መለኮት ትምህርት መንገድ ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ ሴሚናሪዎቻችን ምስክርነት የፈለጉት ከቤተ ክርስቲያን ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በአፍሪካ ወንጌላውያን ማኅበር ሥር የተመሠረተው የአፍሪካ የነገረ መለኮት ትምህርት እውቅና ሰጪ ምክር ቤት የተነሣው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። የእርሱ እውቅና በሌሎች ሴሚናሪዎች ዘንድ በር ይከፍታል፤ የመንግሥት ቀጣሪ ግን በዚያ ምክንያት ዲግሪውን የመቀበል ግዴታ የለበትም።

ይህን ልዩነት መሸፈን ቀላል ስሕተት አይደለም። ወላጆቹ ከችርቻሮ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ከፍሎ አራት ዓመት የተማረ ወጣት፣ ማስረጃውን ይዞ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ ሲደርስ እውነቱን ቢሰማ፣ የሚጎዳው ኪሱ ብቻ አይደለም፤ በአስተማሪዎቹ ላይ የነበረው እምነትም ይሰበራል። ክርስቲያኖች ጥቂት በሆኑባቸው በእነዚህ ከተሞች ደግሞ ወሬው ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ አይቀርም።

ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ደብዳቤው እነርሱ ራሳቸው እንደ ሆኑ ይነግራቸዋል (2ኛ ቆሮ. 3)። ይህ ግን የኤፌሶን ወንድሞች ለአጵሎስ የጻፉትን ከንቱ አያደርገውም። የማስፋፊያ ማእከል ልንከፍት ስንነሣ፣ ማን እንደሚመሰክርልን፣ ምስክርነቱም እስከ የት እንደሚደርስ በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ በግልጽ እንጻፍ። ተማሪው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ያንብበው።