ጥላው የት ያርፋል?

ከፀሐይ ርቀው ስለሚዞሩ አካላት ሲተረክ ምስጋናው የሚሄደው ለግዙፍ ቴሌስኮፖችና ለመንኮራኩሮች ነው። የከዋክብትን ቦታ አንድ በአንድ ለክተው በመዝገብ ያሰፈሩትን ባለሙያዎች የሚያነሳ ጥቂት ነው። ለእኔ ግን የመጀመሪያው ምስጋና የእነሱ ነው። አንድ ሩቅ አካል በኮከብ ፊት ሲያልፍ የኮከቡ ብርሃን ለአፍታ ይጋረዳል። ከኮከቡ የሚመጡት ጨረሮች ትይዩ ስለሆኑ ምድር ላይ የሚያርፈው ጥላ የአካሉን ያህል ስፋት አለው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የጥላውን ፍጥነት ያወቀ ታዛቢ፣ ብርሃኑ ጠፍቶ የቆየበትን ጊዜ ለክቶ የአካሉን ስፋት በኪሎ ሜትር ያወጣል። መጠነኛ ቴሌስኮፕና የማይዛነፍ ሰዓት ይበቁታል። ብርሃኑ ድርግም በማለት ፈንታ ቀስ እያለ ከደበዘዘ ደግሞ አካሉ ከባቢ አየር አለው ማለት ነው፤ የፕሉቶ ከባቢ አየር እ.ኤ.አ. በ1988 በማያሻማ ሁኔታ የተረጋገጠው በዚሁ መንገድ ነው። አስቸጋሪው ጥላው የሚያርፍበትን ቦታ አስቀድሞ ማወቅ ነው፤ ለዚህም የአካሉም የኮከቡም ቦታ በትክክል መለካት አለበት። ከፕሉቶ ትንሽ አለፍ ብሎ ባለ አካል ላይ የተሠራ የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ስሕተት ጥላውን ወደ 30 ሺህ ኪሎ ሜትር ያርቀዋል። የምድር ወርድ ግን 13 ሺህ እንኳ አይሞላም።

እዚህ ላይ የዩራነስን ቀለበቶች እያነሳ፣ «ትልቁ ግኝት በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ መጋቢት 10 ቀን 1977 ቀለበት ፍለጋ የሄደ አልነበረም። ዩራነስ አንድ ኮከብ እንደሚጋርድ አስቀድሞ ያሰላው እንግሊዛዊው ጎርደን ቴይለር ነበር። ጄምስ ኤሊየት፣ ኤድዋርድ ደንሃምና ጄሲካ ሚንክ ቴሌስኮፕ በተገጠመለት የኩይፐር አውሮፕላን ሆነው በደቡባዊው የህንድ ውቅያኖስ ሰማይ ላይ ጥላውን ጠበቁ። የተተነበየው ሰዓት ሊዛነፍ እንደሚችል ስለሚያውቁ መቅረጽ የጀመሩት ቀደም ብለው ነው። ፕላኔቷ ኮከቡን ከመጋረዷ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቀደም ብሎ ብርሃኑ ለአጭር ጊዜ ቀነሰ፤ ደግሞ ቀነሰ። መጀመሪያ የጠረጠሩት ትንንሽ ጨረቃዎችን ነበር። በኋላ የተቀረጸው ሲመረመር ግን መቀነሱ በፕላኔቷ ወዲያ ማዶም በተመጣጠነ ርቀት ተደግሞ ተገኘ፤ ይህን ደግሞ ከቀለበት በቀር የሚያስረዳ የለም። አጋጣሚ ከተባለም ስሌቱ ያደረሳቸው አጋጣሚ ነው፤ የስሕተቱን ልክ ያወቀ ሰው ነው መሣሪያውን ቀድሞ የሚያበራው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ «መንኮራኩር ሄዶ በቅርብ ሲያይ ጥላ መጠበቅ ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ አሮኮት የተባለው ሩቅ አካል ነው። ኒው ሆራይዘንስ የተባለው መንኮራኩር ፕሉቶን አልፎ ወደዚህ አካል ሲያመራ፣ የሃብል ቴሌስኮፕ እንኳ አሮኮትን ከነጥብ አብልጦ ሊያሳይ አይችልም ነበር፤ ቅርጹን አስቀድሞ መገመት የሚቻለው በጥላው ብቻ ነበር። ሰኔ 3 ቀን 2017 በአርጀንቲናና በደቡብ አፍሪካ የተሰለፉት ታዛቢዎች ኮከቡ ሲጠፋ አላዩም። የአካሉ ምህዋር በሃብል ምልከታና በጋያ መንኮራኩር የከዋክብት መዝገብ ተስተካከለ። ሐምሌ 17 ንጋት ሳይቀድ በፓታጎንያ ኮሞዶሮ ሪቫዳቪያ አካባቢ 24 ተንቀሳቃሽ ቴሌስኮፖች ተደረደሩ። ብርዱና ነፋሱ ከባድ ስለነበር የጭነት መኪኖች እንደ አጥር ቆመው ነፋሱን ከለሉ፤ የመንገድ መብራቶች ጠፉ፤ አውራ ጎዳናው ለሁለት ሰዓት ያህል ተዘጋ። ይህ ሁሉ ሁለት ሰከንድ ለማይሞላ ጨለማ ነው! ከቴሌስኮፖቹ አምስቱ ጥላውን ያዙ። ውጤቱ አሮኮት ሁለት ጉብታ ያለው ወይም ጥንድ አካል መሆኑን ጠቆመ፤ መንኮራኩሩ በጥር 1 ቀን 2019 ሲደርስም ሁለት ጉብታዎች ተጣብቀው ተገኙ።

ወደ 250 ኪሎ ሜትር ወርድ ያለውን ቻሪክሎ የተባለ ሌላ ሩቅ አካል ግን መንኮራኩር ጎብኝቶት አያውቅም። ሁለቱ ቀለበቶቹ በ2013 ከደቡብ አሜሪካ የታዩት ኮከብ ሲጋርድ ነው። ያን ያህል ትንሽ አካል ቀለበት ይኖረዋል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

የከዋክብት መዝገቡ ግን ያረጃል። ጋያ በጥር 2025 ምልከታውን አቁሟል። ከዋክብት ደግሞ ከቦታቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ በተለካው ፍጥነታቸው ላይ ያለችው ትንሽ ስሕተት በየዓመቱ እየተጠራቀመች ትሄዳለች። ዛሬ በአንድ ከተማ ስፋት ልክ የሚነገረው የጥላ መንገድ፣ አዲስ ልኬታ ካልተጨመረበት፣ ከዓመታት በኋላ በአውራጃ ስፋት መነገሩ አይቀርም።