ጥርጣሬው ለማን ይተረጎማል? የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች የአእምሮ ሕመም ካሳና ይግባኙ

ማርች 5 ቀን 2025 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቡፍኪንን ጉዳይ በ7 ለ2 ድምፅ ወሰነ። በመዝገቡ የተጣመሩት ሁለት የቀድሞ ወታደሮች ሲሆኑ የሁለቱም ጥያቄ ድኅረ አደጋ ጭንቀት ከተባለው የአእምሮ ሕመም ጋር የተያያዘ ነው። አንደኛው ሕመሙ ከውትድርናው የመጣ መሆኑ አልታመነለትም፤ ሁለተኛው የተወሰነለት የ50 በመቶ የጉዳት መጠን አንሷል ይላል። ፍርድ ቤቱ የመረመረው ግን ሕመማቸውን አልነበረም። ለወታደሩ የሚቀርበው ማስረጃና የሚቃወመው ማስረጃ ሲቀራረቡ ጥርጣሬው ለወታደሩ እንዲተረጎም ሕጉ ያዛል። ታዲያ ማስረጃው ተቀራርቧል ወይስ አልተቀራረበም የሚለውን ማን ይመዝናል? የፍርድ ቤቱ መልስ፣ ካሳውን የሚከፍለው የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ራሱ ይመዝናል፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ምዘናውን የሚነካው ግልጽ ስህተት ሲያገኝ ብቻ ነው የሚል ነው። እግሩ ለተቆረጠ ወታደር ይህ መልስ ብዙም አይከብድም። በአእምሮ ሕመም ጉዳይ ግን ክርክሩ ሁሉ የሚያልቀው በዚያች ምዘና ላይ ነው።

የቀድሞ ወታደር ፍርድ ቤት የመቆም መብት ያገኘው ዘግይቶ ነው። የይግባኝ ቦርዱ በ1933 ቢቋቋምም መቀመጫው እዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበር፤ ከቦርዱ በላይ የሚሰማ ዳኛም አልነበረም። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን፣ ከ1864 ጀምሮ፣ ጠበቃ የወታደርን የካሳ ጥያቄ ይዞ ለሚሠራው ሥራ ከ10 ዶላር በላይ እንዳይቀበል ተከልክሎ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህንኑ ገደብ በ1985 አጸናው፤ 10 ዶላር በዚያ ጊዜ ምን እንደሚገዛ አንባቢ ያስበው። ኮንግረስ የቀድሞ ወታደሮችን ይግባኝ የሚሰማ ልዩ ፍርድ ቤት ያቋቋመው በ1988 ነው። ሕክምናውም ቢሆን ቀድሞ አልደረሰም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት «የከባድ መሣሪያ ድንጋጤ»፣ በሁለተኛው «የውጊያ ድካም» ሲባል የኖረው ሕመም በአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ዛሬ በሚታወቅበት ስሙ የገባው በ1980 ነው። በኮንግረስ ትእዛዝ ተካሂዶ በ1988 የቀረበ ጥናት፣ በቬትናም ከዘመቱት ወንዶች 15 በመቶ ያህሉ በዚያን ጊዜም ሕመሙ እንዳለባቸው አሳየ። ጦርነቱ ካበቃ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

ካሳ ጠያቂው ሦስት ነገር ማስረዳት አለበት፤ ሐኪም ያረጋገጠው ሕመም፣ በአገልግሎት ላይ የደረሰ አስከፊ ክስተት፣ እና ሁለቱን የሚያያይዝ የሕክምና አስተያየት። ብዙው ሰው የሚሰናከለው በክስተቱ ላይ ነው። በውጊያ መዋሉ በሜዳልያው ወይም በማኅደሩ ከታወቀ፣ የደረሰበት ነገር ከውጊያው ሁኔታ ጋር እስከተስማማ ድረስ ቃሉ ይበቃዋል። መድፍ የሚወርድበት ካምፕ ውስጥ የኖረ ሹፌር ወይም ጸሐፊ ግን ለዘመናት የጽሑፍ ማረጋገጫ አምጣ ሲባል ኖሯል። ከየት ያምጣ? በሐምሌ 1973 በሴንት ሉዊስ በተነሣው ቃጠሎ፣ ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር የተሰናበቱት ሰዎች ማኅደር 80 በመቶ ያህሉ ወድሟል። በ2010 መሥሪያ ቤቱ ደንቡን አላላ፤ ፍርሃቱ ከጠላት ወይም ከሽብር ጥቃት የመነጨና ከነበረበት ቦታ ጋር የሚስማማ ከሆነ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሐኪም እስካረጋገጠው ድረስ የወታደሩ ቃል ተቀባይነት አገኘ።

ማላላቱ ግን በጓድ ወይም በአለቃ የተደፈሩትን አይጨምርም። ጥቃት አድራሹ ጠላት አይደለምና። ለእነዚህ ሌላ መንገድ አለ፤ ደንቡ የተዘዋዋሪ ማስረጃን ይቀበላል። ድንገተኛ የዝውውር ጥያቄ፣ ሥራ ላይ የታየ መውረድ፣ ለእናት የተጻፈ ደብዳቤ፣ የእርግዝና ምርመራ፣ መጠጥ መጀመር ሁሉ ይቆጠራል። በእኔ ግምት በዚህ የሕግ ዘርፍ ከተጻፉት ደንቦች ሰውን በእጅጉ የተረዳው ይህ ነው። በደሉን ለአለቃው ያልተናገረ ሰው ዋሽቷል ብሎ አይነሣም።

ሕመሙ ከታመነ በኋላ መጠኑ ይለካል፤ 0፣ 10፣ 30፣ 50፣ 70 ወይም 100 በመቶ። መለኪያው በሥራና በማኅበራዊ ኑሮ ላይ ያደረሰው ጉዳት ነው። በደንቡ የተዘረዘሩት ምልክቶች ምሳሌ እንጂ የተዘጋ ዝርዝር አለመሆናቸውን ልዩ ፍርድ ቤቱ በ2002 ወስኗል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ብቻውን ለ70 በመቶ ሊበቃ እንደሚችልም በ2017 ተናግሯል። ይህም ሆኖ በ50 እና በ70 መካከል ያለው ልዩነት በአንድ መርማሪ ሐኪም ዐረፍተ ነገር ላይ ሊንጠለጠል ይችላል።

ከ2019 ወዲህ የተከለከለ ሰው ሦስት በር አለው፤ ጉዳዩን በከፍተኛ ባለሙያ ማሳየት፣ አዲስና አግባብነት ያለው ማስረጃ ማቅረብ፣ ወይም ወደ ቦርዱ ይግባኝ ማለት። ጊዜው አንድ ዓመት ነው። ከቦርዱ ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ ያለው 120 ቀን ነው። ጊዜውን ሳያሳልፍ የቀጠለ ሰው ሲረታ ክፍያው ወደ መጀመሪያው ማመልከቻው ቀን ሊመለስለት ይችላል፤ ስለዚህ መሰላቸት ገንዘብ ያስከፍላል።

የቡፍኪን ውሳኔ የዚህን የይግባኝ መሰላል ላይኛ ደረጃዎች አዳክሟል። የሰበር ችሎታችን በመሠረታዊ የሕግ ስህተት ብቻ እንደሚወሰን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ አይገርመውም፤ ፍሬ ነገር ከታች ያልቃል። ስለዚህ ፋይሉ ወደ ላይ ከመውጣቱ በፊት የሚገባበት ወረቀት ሁሉ ወሳኝ ሆኗል። ሕመሙን ለጠበል እንጂ ለሐኪም ያልነገረ ወታደር የክሊኒክ ማኅደር የለውም። ይሁንና ከልዩ ፍርድ ቤቱ በላይ ያለው የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2006፣ በዘመኑ የተጻፈ የሕክምና መዝገብ ስለሌለ ብቻ የቤተሰብና የጓድ ምስክርነት እንደማይጣል ወስኗል፤ ያም የአእምሮ ሕመም ጉዳይ ነበር። ልጇ ከዘመቻ ከተመለሰ ወዲህ ሌሊት እንደማይተኛ የምታውቅ እናት የምትጽፈው ቃል ሕጋዊ ማስረጃ ነው።

በልዩነት የቀሩት ዳኛ ጃክሰንና ዳኛ ጎርሰች፣ ኮንግረስ በ2002 ያወጣው ሕግ ልዩ ፍርድ ቤቱ የጥርጣሬውን ደንብ አፈጻጸም በቅርብ እንዲመረምር ያዛል ብለው ነበር። የእኔም ንባብ ወደዚያው ያዘነብላል፤ የገለልተኛ ዳኛ መመዘን ካልተጨመረበት ያ ሕግ ምን እንደጨመረ አይታየኝም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ አቋሙን ካልቀየረ በቀር፣ ከእንግዲህ ይህን ሊለውጥ የሚችለው ኮንግረስ ብቻ ነው።