የእንጦጦን ሰው ማን ቆጠረው?

የካቲት 16 እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የወጣ ሰው የተራራውን ነዋሪ ብዛት ልገምት ቢል መሳቱ አይቀርም። ነጠላውን አጣፍቶ ዳገቱን የሞላው ምእመን ማታ ወደየሰፈሩ ይወርዳል፤ ጸበል ሊጠመቅ ከሩቅ አገር የመጣው ደግሞ ቤት ተከራይቶ ለወራት ይሰነብታል። የቆጠራ ሠራተኛ ቢመጣ ይህን ሰው የየት አገር ነዋሪ ይበለው?

ለእንጦጦ ነገሩ አዲስ አይደለም። ምኒልክ በ1870ዎቹ ተራራው ላይ ሲከትሙ የከተማው ሕዝብ ማለት በአብዛኛው አጀባቸው ነበር። እሳቸው ሲዘምቱ መኳንንቱ፣ ወታደሩ፣ ወጥ ቤቷ፣ ጠጅ ጣይዋ ሁሉ ተከትሎ ይነሣል፤ ሲመለሱ ድንኳኑ እንደገና ይተከላል። ያን ሕዝብ በመዝገብ የቆጠረው የለም። የቆጠረው ማገዶው ነው ቢባል ይሻላል፤ ያ ሁሉ ሰው የሚሞቀውና የሚያበስለው ከዙሪያው ጽድና ወይራ እየቆረጠ ስለነበር ተራራው ተራቆተ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሲነግሡ ከተማው ብርዱን ሸሽቶ ወደ ፍል ውሃ መውረድ ጀምሮ ነበር። እንጨቱ ታችም አልበቃም፤ ንጉሡ መዲናውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደረሱ። አዲስ አበባን ከመነቀል ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው።

ሰው መቁጠር ራሱ በእኛ ዘንድ የሚያስፈራ ነገር ነበር። ዳዊት ሕዝቡን አስቆጥሮ መቅሠፍት መውረዱን ካህናቱ ያነባሉ፤ እናቶችም የልጆቻቸውን ቁጥር ለባዳ መናገር አይወዱም። ምናልባት የዘገየነው ለዚህ ይሆናል ብል አጋንኛለሁ፤ የገንዘብና የመንገድ ችግሩ ይበልጣል።

አገር አቀፍ ቆጠራ የተጀመረው በ1976 ዓ.ም. ነው። ያኔ አዲስ አበባ 1.4 ሚሊዮን ያህል ሰው ነበራት፤ በ1987 ዓ.ም. 2.1 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. 2.7 ሚሊዮን ደረሰች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራው በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ያዝዛል። አራተኛው ግን ደጋግሞ ከተላለፈ በኋላ ሰኔ 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው አራዘሙት። በ1999 ዓ.ም. በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የተቆጠረ ጨቅላ ዛሬ መታወቂያ የሚያወጣ ወጣት ነው፤ ውሃውም ትምህርት ቤቱም የሚታቀደው ግን ከዚያው ቆጠራ ተነሥቶ በተሰላ ግምት ነው።