የፈላስያን ማዕድ (ምዕራብ ጎጃም)

ከቀዬው ተለይቶ በሰው ደጅ ለሚያድር ፈላሲ የቡሬ፣ የፍኖተ ሰላምና የገጠሩ ሕዝብ በኅብረት የሚያቀርበው ምግብ ነው። ጥንታዊ መልኩ በቅኔ ቤት ይታያል፤ ዋሸራንና ጎንጅን የመሰሉ የጎጃም ጉባኤያት ዝና ስቧቸው ከሸዋ፣ ከወሎና ከትግራይ የሚመጡት የቆሎ ተማሪዎች፣ ደበሎ ለብሰው አኩፋዳ አንግተው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ከየቤቱ የለመኑትን የጤፍና የዳጉሳ እንጀራ በጎጇቸው በአንድነት ይመገቡታል፤ የተረፈውንም በፀሐይ አድርቀው፣ ድርቆሽ አድርገው፣ ለክፉ ቀን ያኖሩታል፤ ይህም መምህር ሳይቀጠርለት ከቅኔው ጋር ጎን ለጎን የሚለመድ እውነተኛ የማዕድ ቤት ሙያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሰንበቴ ማኅበርም ተረኛው አባል ከቅዳሴ በኋላ ዳቦና ጠላ ሲያቀርብ ነዳያንና እንግዳ ከበረከቱ ይካፈላሉ።

በቅርቡ ዘመን ግን ፈላሲው ተማሪ ብቻ አይደለም፤ በ2005 ዓ.ም. ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የተፈናቀሉ ገበሬዎች በፍኖተ ሰላም ተጠልለው ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያው ክልል ከመተከል ዞን የሸሹ እጅግ ብዙ ሰዎች በጎረቤት አዊ ዞን፣ በቻግኒ ራንች መጠለያ ሰፈሩ። እንዲህ ላለው ብዛት የሰንበቴ መሶብ አይበቃም፤ የርዳታ እህልም ዕለቱን ያሳልፋል እንጂ፣ እንጀራ ጋግራና ወጥ ሠርታ ለገበያ በማቅረብ ራሷን ልትችል የምትሻን እናት ከሙያ ሥልጠናና ከመነሻ ገንዘብ ጋር አያገናኛትም።

ሕጉም ይህን ክፍተት አይሞላላትም፤ የስደተኞች ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የሥራንና የትምህርትን መብት ደንግጓል፤ ይሁን እንጂ የሚመለከተው ድንበር ተሻግሮ የመጣውን ስደተኛ እንጂ በገዛ አገሩ የተፈናቀለውን ዜጋ አይደለም።