ራጅ፣ ጨረራና ካርቱም

ካርቱም የኖረ ወገናችን «ሙስተሽፋ አልዘራ» ሲባል የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ያውቃል። በመዝገብ ያለው ስሙ የካርቱም የጨረራና የአይሶቶፕ ማዕከል ነው፤ ሕዝቡ ግን «የአቶም ሆስፒታል» ብሎት ቀርቷል። በዐረብኛ አናባቢ ምልክቱ ካልተደረገ «አቶም» እና «ማሽላ» በአንድ ዓይነት ፊደላት ስለሚጻፉ፣ ቋንቋውን ገና የሚማር ሰው የማሽላ ሆስፒታል ብሎ ቢያነበው አይፈረድበትም። ስሙ ብዙዎቻችንን ያስፈራን ነበር። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ፍርሃትና ፍርሃቱን በልኩ ለማድረግ ስለተሠራው ሥራ ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የራጅ ታሪክ በእኛ አገርና በሱዳን ከተደረጉ ጦርነቶች ጋር የተሳሰረ መሆኑ ብዙ አይወሳም። ሮንትገን ጨረሩን ያገኘው በ1895 መጨረሻ ነው። ጥቂት ወራት ቆይቶ በግንቦት 1896፣ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ሁለት የጣሊያን ወታደሮች ኔፕልስ ከተማ በሚገኝ የጦር ሆስፒታል ክንዳቸውን ራጅ ተነሥተው ጥይቱ ያለበት ቦታ ታየ። ሐኪሙ ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ ይባላል። በጦርነት ለቆሰለ ሰው ራጅ ሲነሣ የመጀመሪያው ይህ ነው ይባላል። የዓድዋ ዘመን በሕክምና ታሪክም ውስጥ አለ ማለት ነው።

አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1898 የእንግሊዝና የግብፅ ጦር ኦምዱርማን ላይ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጋ፣ እንግሊዛዊው የጦር ሐኪም ሻለቃ ባተርስቢ የራጅ መሣሪያውን በአባይ ዳር አባዲያ በተባለ ቦታ ተክሎ ነበር። መብራት ስላልነበረ ባትሪው የሚሞላው በሁለት ሰው በሚረገጥ ብስክሌት ነው። በዚያ ሐሩር ብስክሌት መርገጥ ምን እንደሚመስል የካርቱምን ፀሐይ ለሚያውቅ መንገር አያስፈልግም። በተለመደው ዘዴ ጥይቱ ካልተገኘላቸው 21 ቁስለኞች ውስጥ የ20ው ጉዳይ በራጅ ተለየ።

ያኔ ግን ስለ ጥንቃቄ የሚያስብ አልነበረም። በኤዲሰን ቤተ ሙከራ በራጅ የሠራው ክላረንስ ዳሊ እጆቹን ካጣ በኋላ በ1904 ሞተ። ሌሎችም ብዙ ባለሙያዎች እንዲሁ ተጎዱ። ስለ ጨረራ ጥበቃ የሚመክር ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የተቋቋመው በ1928 ነው።

ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው በ1957 ሲሆን ሱዳን በ1958 ተከተለች። በሕክምናው ግን ሱዳን ቀደመች። የካርቱሙ ማዕከል በ1967 ሲቋቋም፣ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር የጨረር ሕክምና የተጀመረው በ1997 ነው። ሠላሳ ዓመት ቀላል አይደለም።

ከሕክምናው ጀርባ ያለውን ጥበቃ ይሠራ የነበረው የሱዳን አቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ነው። በቤተ ሙከራው ትልቁ ሥራ ዓይን የማይስብ ነው። የራጅ ባለሙያ ደረቱ ላይ የሚለጥፋትን ትንሽ ባጅ ብዙዎቻችን የስም ካርድ ትመስለን ነበር። በውስጧ ያለው ክሪስታል የተቀበለውን ጨረራ ይዞ ይቆያል፤ ቤተ ሙከራ ገብቶ ሲሞቅ በዚያው ልክ ብርሃን ይሰጣል። ብርሃኑ ተለክቶ የሠራተኛው መጠን ይመዘገባል። ለሠራተኛ የተፈቀደው በአማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት፣ ለሌላው ሕዝብ 1 ነው። ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ የተነሣነው የደረት ራጅ በአብዛኛው ከ0.1 አይበልጥም። ከአፈር፣ ከምግብና ከሰማይ በተፈጥሮ የምናገኘው ደግሞ በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ያህል ነው። የኮሚሽኑ ተመራማሪዎች በኑባ ተራሮች ኡሮና ኩሩን በተባሉ ቦታዎች ያለውን ዩራኒየም ያዘለ የፎስፌት ድንጋይም መርምረዋል። ማዳበሪያ የሚሆን ድንጋይ ገበሬው እጅ ከመግባቱ በፊት መለካት ነበረበትና።

በአገራችን የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 79 የተቋቋመው በ1993፣ በእኛው 1986 ዓ.ም. ነው።

በሚያዝያ 2023 ጦርነት ሲነሣ የካርቱሙ ማዕከል አገልግሎት ተቋረጠ፤ ከእኛም ብዙዎች በመተማ በኩል ወጡ። በ2025 ጦሩ ከተማዋን መልሶ ከያዘ ወዲህ ስለ መመለስ የሚያስቡ ቤተሰቦች ስላሉ አንድ ነገር መነገር አለበት። የራጅ መሣሪያ መብራት ከሌለው ተራ ብረት ነው፤ ምንም አያወጣም። ለካንሰር ሕክምና የሚውል ኮባልት ግን አይጠፋም፤ ጉልበቱ በግማሽ የሚቀንሰው በአምስት ዓመት ከሩብ ገደማ ነው። በ1987 በብራዚል ጎያኒያ ከተማ ከተተወ ክሊኒክ ሁለት ሰዎች አንድ መሣሪያ ፈትተው ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡት። በውስጡ የነበረው ሲዚየም በጨለማ ሰማያዊ ሲያበራ አስደነቃቸውና ለዘመድ አዝማድ አካፈሉት። አራት ሰዎች ሞቱ፤ አንዷ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። በ249 ሰዎች ላይ ብክለቱ ተገኘ፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ተመረመረ።

ምልክቱ በቢጫ ላይ ሦስት ክንፍ ያለው ነው። ከ2007 ጀምሮ በአደገኞቹ ላይ የሚለጠፍ ቀይ ሦስት ማዕዘንም አለ፤ የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው ተስሎበታል። ልጆች ያገኙት ብረት ከባድ ሆኖ እንዲህ ያለ ምልክት ካለበት አይነካ፣ አይፈታ፣ ለብረት ገዢም አይሰጥ። ራቅ ብሎ ሌሎችን ማራቅና ለመንግሥት አካል መንገር ነው።